በጧት የምትታመመው ሽጉጥ

ጋሽ ቶለሳ በዳሳ ጧት ጧት ጫማቸውን ከማጥለቃቸው በፊት ትንሿን ጣታቸውን ወደ ውስጥ ሰደድ አድርገው፣ ጫፍ ድረስ ዳሰው ያወጧታል። ባዶ ብርጭቆ ሲቀርብላቸውም እንዲሁ ነው፤ ሻዩ ከመቀዳቱ በፊት ያቺ ጣት ገብታ የብርጭቆውን ቂጥ ትነካለች። ሱቃቸውን ሲከፍቱ መጀመሪያ የጓጉንቸሩን ቀዳዳ፣ ቀጥሎ ጠረጴዛው ላይ ያደረውን የስፌት መኪና ይዳስሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ይርጋለም በተጋቡ ሰሞን፣ ይህ ሰው ምን ጠፍቶበት ነው ቀዳዳ ሁሉ የሚጎረጉረው ብለው እናታቸውን በሹክሹክታ ጠይቀው ነበር። ኋላ ለመዱት። እንዲያውም ጣትየዋ ሳትገባበት የተቀዳ ሻይ ለራሳቸውም የሚጣፍጥ አልመስል አላቸው።

ነገሩ የሙያ ልማድ ነው። ጋሽ ቶለሳ አሥራ ስምንት ዓመት በጦር ሠራዊቱ ውስጥ መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ገና ምልምል ሳሉ ያሠለጠኗቸው ሽማግሌ፣ ባዶ ነው የተባለ ጠመንጃ ስንቱን ሰው እንደ ገደለ ከዘረዘሩ በኋላ «ዓይንህ ይቸኩላል፤ ጣትህ ግን አይቸኩልም» ይሏቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ትንሿ ጣት የመሣሪያውን ጉሮሮ፣ ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን ጎሬ፣ ሳትዳስስ ሌላው እጃቸው አይነካውም። ዝገትን ከጥላሸት፣ ጥላሸትን ከቅባት ያለ መብራት ትለያለች። በሃምሳ አለቃነት ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ ይዘው የወጡት ይህችን ጣት፣ የማይሰማ ግራ ጆሮና ሞረድና መርፌ የሞላበት አንድ የእንጨት ሳጥን ነበር።

በጉለሌ፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ በር ያላት ክፍል ተከራዩ። የስፌት መኪና፣ ቡታጋዝ፣ ቁልፍ፣ የባለ ሱቅ ሚዛን ይጠግናሉ። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጣ በሽተኛ ሳይቀር ዶክተሩ እስኪገባ ድረስ የቆመ ሰዓቱን ይዞላቸው ይመጣል። እሳቸው ስለ አንድ ዕቃ አይሠራም ብለው አያውቁም። «ገና አልነገረኝም» ይላሉ፤ ከዚያም ዕቃውን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ እንደ ሐኪም፣ መቼ እንደ ጀመረው፣ ምን ሲበላ እንደሚብስበት ባለቤቱን ይጠይቃሉ። ሰው ይስቅባቸዋል። እየሳቀም የተጠገነ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል።

ዘመኑ የደርግ ዘመን ነበር። ቀበሌው ከየቤቱ በአሰሳ የተሰበሰቡትን አሮጌ ሽጉጦችና ጠመንጃዎች ለአብዮት ጥበቃዎቹ አድሏቸው ነበርና፣ አንዱ ጥይት ነክሶ ሲቀር ሌላው ሲያስነጥስ ሁሉም ወደ ጋሽ ቶለሳ ይመጣል። ወድደው የሚሠሩት ሥራ አልነበረም፤ እምቢ የሚሉትም አልነበረም። እሑድ እሑድ ከባለቤታቸው ጋር የሚዘምሩባት ጸሎት ቤት በዚያ ሰሞን ታሽጋ ነበር። በዚያን ጊዜ «ጴንጤ» የሚለው ቃል ግማሹ ቀልድ፣ ግማሹ ማስፈራሪያ ነበር። እንዲህ ያለ ቃል የሚከተለው ሰው ሥራውን አሳምሮ ሠርቶ ዝም ማለትን ይመርጣል። በመስከረም 1971 ጥበቃዎቹን ስለ መሣሪያ አያያዝ እንዲያስተምሩ ሲታዘዙም ሄደው አንድ ሰዓት ያህል አስተማሩ፤ በመጨረሻም «ዝገት እንዳላይባቸው» ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በምን እንደሚወለወሉ ግን አልነገሯቸውም። ቀበሌው ደግሞ አንዲት ጠብታ የመሣሪያ ዘይት አልነበረውም።

ያን ቀን ከሰሟቸው ጥበቃዎች አንዱ ጌጡ ነበር። ጌጡ ወላጆቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። ቀን ቀን ከአንዲት ክፍል ቤቱ ወለል ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ እግሩን ሰድዶ ጋቢና ነጠላ ይሸምናል፤ ተራው ሲደርስ ከንጋቱ በፊት ተነሥቶ የቀበሌውን ሱቅ ይጠብቃል። ስምንት ጥይት የምትጎርስ ትንሽ ሽጉጥ ተሰጥታው ነበር። በክረምቱ ዝናብ ዝጋበት በባልደረቦቹ ፊት ስለ ተዘለፈ፣ ከዚያ ወዲህ እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚይዛት።

በኅዳር አጋማሽ አንድ ጧት፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ውርጭ ሣሩን እንዳነጣው፣ ሦስት ሰዎች የሱቁን የጓሮ ቆርቆሮ ገንጥለው ሲወጡ ጌጡ ደረሰባቸው። ቁሙ ብሎ አንድ ጊዜ ወደ ሰማይ ተኮሰ። ሰዎቹ ሲሮጡ ደግሞ ምላጩን ሳበ። ሽጉጧ ዝም አለች። ቢያገላብጣት፣ ቢያራግፋት ዝም። ከሦስቱ አንዱ ይህን አይቶ፣ አጥሩን እየዘለለ ዞር አለና «ሸማኔው፣ ድርህ ተበጠሰ እንዴ?» ብሎት ሄደ።

ጌጡን ያሰረችው ይህች ቀልድ ናት። አብሮት ይጠብቅ የነበረው ሰው ሰምቷት ነበርና ለቀበሌው ካድሬ ለጓድ ግዛቸው አደረሳት። ግዛቸው ከአስተማሪነት የመጣ፣ ነገርን በሁለት መደብ ብቻ የሚያይ ወጣት ነው። ሰዎቹ ሸማኔ መሆኑን ካወቁ ያውቁታል፤ ካወቁት አብሯቸው ነው፤ አብሯቸው ከሆነ ሽጉጧ አልተኮሰችም ማለቱ አሻጥር ነው። ጌጡ በቀበሌው ዕቃ ቤት ተቆለፈበት። ቅዳሜ መኪና መጥቶ ወደ ላይ እንደሚወስደው ተነገረ። በዚያ ዓመት በጉለሌ ወደ ላይ ስለ ተወሰደ ሰው ማንም ደፍሮ አይጠይቅም ነበር።

ማክሰኞ ቀን፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን፣ ግዛቸው ሽጉጧን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ወደ ጋሽ ቶለሳ መጣ። ትሠራለች ወይስ አትሠራም፣ ከዚያ በላይ ወሬ አልፈልግም አለ። ከቁስቋም በታች ወዳለው ድንጋይ ካባ ወጡ። ፀሐዩ ይጠብስ ነበር። ጋሽ ቶለሳ እንደ ልማዳቸው ትንሿን ጣት ወደ ሽጉጧ ጉሮሮ ሰደዱ፤ አንድ ለዘብ ያለ፣ የሚያንሸራትት ነገር ነካች። ዘይት አግኝተዋል ማለት ነው ብለው በልባቸው ደስ አላቸው። ጌጡ ከያዛቸው ጥይቶች አምስቱን ተኮሱ። አምስቱም ባዶ የጥይት ቀለሆች በቀኝ ትከሻቸው በኩል አንድ በአንድ እየበረሩ ወጥተው ከአንዲት ሰሌን በማትበልጥ ቦታ ላይ ወረዱ። ይህ ለጠጋኝ ዓይን የሚያምር ነገር ነው። ግዛቸው ያቀረበላቸውን ወረቀት በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው «መሣሪያው ከማንኛውም ብልሽት ነፃ ነው» ብለው ጻፉና ፈረሙ። ቀለሆቹን፣ ምንም ነገር መጣል ስለማይወዱ፣ ለቅመው በካራሜላ ጣሳ ውስጥ አኖሯቸው።

በማግሥቱ ጧት የሱቃቸውን ጓጉንቸር እየዳሰሱ ሳለ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ ከኋላቸው ቆማ አገኟት። ነጠላዋ በሚያምር ጥለት የተሠራ ነው፤ እግሯ ግን በውርጩ ጠቁሯል። ደሳለች እባላለሁ፣ የጌጡ ሚስት ነኝ አለች። ልትለምናቸው የመጣች መስሏቸው ምን እንደሚመልሱላት ሲያስቡ፣ እሷ የጠየቀቻቸው ሌላ ነበር።

«ጋሼ፣ እኔ ማንበብ አልችልም። ወረቀቱ ላይ ምን ብለው ነው የጻፉት?»

«መሣሪያው ብልሽት የለበትም ብዬ ነው።»

ደሳለች ልጇን በጀርባዋ ላይ ሽቅብ አደረገች።

«እንግዲያው ብልሽቱ የሰውየው ነው ብለዋላ።»

ጋሽ ቶለሳ እንዲህ አላልሁም ሊሉ አልቻሉም። ብለዋልና። በአንድ በሽታ ሁለት የተጠረጠሩ ካሉ፣ አንዱን ጤነኛ ነው ማለት ሌላውን ማሳየት ነው። በዚያች መስመር ላይ ስለ ሽጉጧ የጻፉ መስሏቸው ነበር። አሁን ሲያዩት ስለ ሰው ነው የጻፉት።

ሴትየዋ በቁጣ አልተናገረችም። ባሏ ያቺን ሽጉጥ እንደ መወርወሪያው ይይዛት እንደ ነበር፣ ልጆቹን እንኳ እንደዚያ እያገላበጠ አይቷቸው እንደማያውቅ ብቻ አጫወተቻቸው። ጋሽ ቶለሳ ይህን ሲሰሙ፣ ዕቃ ይዞላቸው ለሚመጣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርጉት፣ መወርወሪያውን እንዴት ነው የሚይዘው ብለው ጠየቋት። ማክሰኞ ዕለት መጠየቅ የነበረባቸው ጥያቄ ነበር። ሐሳብ ገባቸው፤ ጓጉንቸሩን መልሰው ቆልፈው ሽሮ ሜዳ ድረስ ተከተሏት።

የጌጡ ቤት ገና ፀሐይ አልደረሰባትም ነበር። ድሩ በግማሹ ተሸምኖ ቆሟል። በጉድጓዱ አፋፍ፣ ማጉን በድሩ መካከል ወዲያና ወዲህ የምትወስደው መወርወሪያ ተቀምጣለች። ጋሽ ቶለሳ ከመናገራቸው በፊት ትንሿ ጣታቸው ገባችባት። ከውስጥ ግድግዳዋ ላይ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ነገር ነካች፤ ጥጥ የተቀላቀለበት፣ ግራጫ፣ ጥፍር የማይበግረው ነገር።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ሰም ነዋ። እንድትንሸራተት ይቀባታል።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ይደርቃል?»

«ጧት ነው እንጂ። ፀሐይ በራችን ላይ ስትደርስ ይለቃል። ሸማኔ ጧት ጧት መወርወሪያውን በመዳፉ አሽቶ አይደል የሚጀምር?» አለችና፣ ሽማግሌው ይህን አለማወቃቸው ገርሟት ፈገግ አለች።

ከዚያም የቀረውን ጨምራ ነገረቻቸው። ዘይት ቢፈልግ አጣ። ድጋሚ ዝገት ከተገኘባት እንደሚባረር ፈርቶ ነበር። ስለዚህ ከቁስቋም ማርያም በር የጧፍ ቁራጭ ገዝቶ፣ በእሳት አለስልሶ፣ ሽጉጧን ውስጥና ውጭ ቀባት፤ ጥይቶቹንም አንድ በአንድ እየወለወለ ቀባቸው። ከዚያ በንጹሕ ባዘቶ ጥጥ ጠቅልሎ ከድሩ አጠገብ ሰቀላት። በምርመራው ይህን ለምን አልተናገረም ቢሏት፣ መሣሪያው ላይ አንዳች ነገር አድርጌያለሁ ካለ እንደ እምነት ቃል እንደሚያዝበት ፈርቶ ነው አለች። ተናግራ ስትጨርስ ፊቷ ተለወጠ።

«ነግሬ አጠፋሁ እንዴ ጋሼ?»

«የለም ልጄ። ያጠፋው ሌላ ሰው ነው።»

ወደ ሱቃቸው ተመልሰው የካራሜላውን ጣሳ ገለበጡና አምስቱን ቀለሆች ወደ በሩ ብርሃን አወጧቸው። ነገሩን ለሚያውቅ ሰው ሽጉጥ በአንድ ተኩስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ትሠራለች። መጀመሪያ፣ ከላይኛው ተንሸራታች ብረት ላይ የተተከለች፣ ጥፍር የመሰለች ቁራጭ፣ የተተኮሰውን ቀለህ በኋላው ከንፈር ነክሳ ከጉሮሮዋ ትስበዋለች። ቀጥሎ ሌላ ቁራጭ ከኋላ ገፍታ ወደ ውጭ ትተፋዋለች። መሳብ አንድ ነው፣ መትፋት ሌላ። ጋሽ ቶለሳ ማክሰኞ ቀን ያዩት መትፋቷን ብቻ ነበር፤ ቀለሆቹ እንዴት አምረው እንደ በረሩ። አሁን ከንፈራቸውን ሲመረምሩ፣ ጥፍሪቱ አጥብቃ የነከሰችበት ጥልቅ ጠባሳ መኖር ሲገባው፣ አምስቱም ላይ ያለው ቀጭን ጭረት ነው፤ ሊያመልጣት ሲል በጫፏ ብቻ የያዘችው። ከጥፍሪቱ ሥር ሰምና ጥጥ ተጋግሯል። በቀትር ፀሐይ ሲለሰልስ ጥፍሪቱ እንደ ምንም ትዘጋለች፤ በጧት ውርጭ ሲጠጥር ግን ተከፍታ ትቀራለች፣ ቀለሁ ጉሮሮዋ ውስጥ ይቀራል፣ ቀጣዩ ጥይት መጥቶ ቂጡን ይገፋዋል። ጌጡ ላይ ነክሶ የቀረው ቀለህም ሽጉጧ ፀሐይ ሲያገኛት ላልቶ ሰው ሳያየው ወድቆ መሆን አለበት። እሳቸው ሽጉጧን መርምረዋል፤ ሰዓቱን አልመረመሩም። ማስረጃው ከማክሰኞ ጀምሮ በጣሳቸው ውስጥ ነበር።

ቀን ምሳቸውን ሳይበሉ ነገሩን ለወይዘሮ ይርጋለም አጫወቷቸው። የፈረሙትን ወረቀት ማፍረስ በዚያ ጊዜ ቀላል ነገር አልነበረም። ጸሎት ቤቱ የታሸገበት ሰው ትናንት እንዲህ፣ ዛሬ እንዲያ ቢል፣ አሻጥር የምትለው ቃል ከሸማኔው ላይ ተነሥታ እሱ ላይ ለመቀመጥ ሩቅ መንገድ የለባትም። ይህን ዘርዝረው ከነገሯቸው በኋላ ባለቤታቸው ጥቂት አሰቡና ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረጉ።

«የፈረምከው አንተ ነህ» አሉ። «ሌላ ሰው ሊፍቀው አይችልም። አሁን ብላ።»

ሐሙስ ቀን ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዱ። ግዛቸውና ሊቀ መንበሩ ተቀምጠው ነበር። ጋሽ ቶለሳ የማክሰኞው ምርመራ የተሳሳተ ነው፣ ነገ ጧት በድጋሚ ይደረግልኝ አሉ። ግዛቸው ወረቀቱን ከመሳቢያው አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበው።

«ሃምሳ አለቃ፣ ማክሰኞ ጤነኛ ናት አሉ፤ ሐሙስ ታማለች ይላሉ። መሣሪያ ጠጋኝ ነዎት ወይስ ታምር ነጋሪ? እናንተ ጴንጤዎች በጸሎት የምትፈውሱት ሰው መስሎኝ።»

«ሰውም ቢሆን» አሉ ጋሽ ቶለሳ፣ «ጧት ጧት የሚነሣበት ትኩሳት በቀትር ሲለካ አይገኝም። ሐኪሙ በሽተኛውን ውሸታም አይለውም። ጧት ተመልሶ ይለካዋል።»

ሊቀ መንበሩ ሳል አስመስለው ሳቁ። ግዛቸው አልሳቀም። ሸማኔው ሰም መቀባቱን ከጋሽ ቶለሳ አፍ ሲሰማ ከወንበሩ ተነሣ፤ ይህማ የእምነት ቃል ነው፣ መሣሪያውን ያበላሸው እሱ ነው ማለት ነው አለ። ጋሽ ቶለሳ የፈሩት ቦታ ይህ ነበር። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። ከዚያም በመስከረም ያስተማሩትን ነገሩት። ዝገት እንዳላይ ያልኋቸው እኔ ነኝ፤ በምን እንደሚወለወል ያልነገርኋቸውም እኔው ነኝ። ዘይት ያልተሰጠው፣ ያልተማረ ሰው በሚያውቀው ነገር ጠበቃት። ጥፋተኛ ከተፈለገ፣ በስሜ ጽፈው ይያዙልኝ አሉ። ይህን የተናገሩት ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነው፤ ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ፣ ሳያውቁ እንዳይጮኹ ሲጠነቀቁ ድምፃቸው ሁልጊዜም ከሚገባው በላይ ዝቅ ይል ነበር፤ ሁለቱም ለመስማት ወደ እሳቸው ዘንበል ማለት ነበረባቸው።

ግዛቸው እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ አንኳኳ።

«ነገ ጧት ከተኮሰች ግን፣» አለ፣ «ቅዳሜ መኪናው ላይ አንድ ሰው ብቻ አይሆንም የሚወጣው።»

«ይሁን» አሉ ጋሽ ቶለሳ።

ዓርብ ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ድንጋይ ካባው ውስጥ ተሰበሰቡ። ጋሽ ቶለሳ፣ ግዛቸው፣ ሊቀ መንበሩና ጌጡን የያዙ ሁለት ጥበቃዎች ነበሩ። ጌጡ አራት ቀን ዕቃ ቤት ውስጥ ስለ ሰነበተ ብርሃኑን መቋቋም አቅቶት ዓይኑን በክንዱ ከልሏል። ውርጩ ድንጋዩ ላይ እንደ ጨው ተነስንሷል። ሽጉጧ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ስላደረች ስትነካ በቅዝቃዜ ትፋጅ ነበር። ጋሽ ቶለሳ ማንም በእጁ እንዳያሞቃት አስጠንቅቀው፣ እሳቸውም በሁለት ጣት ብቻ ያዟት። ትንሿ ጣት ገባች። በቀትር ለዘብ ያለው ነገር አሁን ጠጥሯል።

የጌጡ ጥይት ስምንት ነበር። አንዱን እሱ ተኮሰ፣ አምስቱን ማክሰኞ እሳቸው ተኮሱ፤ የቀረው ሁለት ነው። በሌላ ጥይት ቢተኮስ ማስረጃ አይሆንም፤ ሰሙ ያለው በእነዚህ ላይ ነው። እንግዲህ አንዱ ቀለህ እንደ ማክሰኞው አምሮ ቢበርር ነገሩ አበቃ። በአሥራ ስምንት ዓመት ሥራቸው መሣሪያ እንዲሠራ ሲመኙ ኖረው፣ መሣሪያ እንዲነክስ የተመኙት ያን ጧት ብቻ ነው።

ሁለቱን ጥይቶች በጥይት መያዣዋ፣ በካርታው፣ ውስጥ አጎረሷት፤ አቀባበሉ፤ ወደ ድንጋዩ ግድግዳ አነጣጥረው ተኮሱ።

ከቀኝ ትከሻቸው በላይ የበረረ ነገር አልነበረም። የላይኛው ብረት ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆሟል። አፈሙዙን ከግድግዳው ሳያነሡ ካርታውን አወጡና ግዛቸውን ጠርተው ቀለህ በሚወጣባት መስኮቷ እንዲያይ አደረጉት። የተተኮሰው ቀለህ ከጉሮሮዋ አልወጣም፤ ሁለተኛው ጥይት አፍንጫውን ቂጡ ላይ ደግፎ ቆሟል። ጌጡ ያን ጧት ያላያት፣ የሽጉጧ ሕመም ይህች ነበረች።

ግዛቸው ጎንበስ ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ይህን እሱ ሆን ብሎ ሊያደርገው አይችልም?» አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ሐሙሱ አልነበረም።

ጋሽ ቶለሳ ጥይቱን አንሥተው፣ በአፈሙዟ በኩል ቀጭን ዘንግ ሰድደው ቀለሁን ነቀነቁና አወጡት። ከዚያ ከሳጥናቸው መርፌ መዝዘው ከጥፍሪቱ ሥር እንደ አተር ፍሬ የምታክል ግራጫ ነገር ፈነቀሉ። በካድሬው መዳፍ ላይ አኖሯትና፣ እስኪ እጅዎን ጨብጠው ይቆዩ አሉት። ሁሉም ቆመው ጠበቁ። እጁን ሲከፍት ግራጫዋ ነገር ለስልሳ በመዳፉ መስመር ላይ ተለጥፋ ነበር፤ የጧፍ ሽታም ሸተተችው።

«አሻጥረኛ ቢሆን ኖሮ» አሉ ጋሽ ቶለሳ፣ «ይህችን ትንሽ ጥፍር በሞረድ ሁለት ጊዜ መሞረድ ይበቃው ነበር። ማንም አያውቅበትም። ይህ ሰው ግን ከማርያም በር ጧፍ ገዝቶ ነው ያሻት። ጠላት እንዲህ አይደክምም።»

 ያን ጊዜ ጌጡ ክንዱን ከዓይኑ ላይ አወረደና በጣም በዝግታ «መወርወሪያዋን ጧት ጧት አሻታለሁ» አለ። «እሷን ማሸት አላሰብሁም።» አንደኛው ጥበቃ ሳቁ አመለጠው፤ እሱም ሸማኔ ነበርና። ሊቀ መንበሩም ሳቁ። ግዛቸው መዳፉን በሱሪው እየጠረገ ፊቱን አዞረ፤ ትከሻው ግን ተነቃነቀ ይላሉ ያዩት።

ጌጡ በዚያው ቀን፣ ቀትር ሳይደርስ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። ሽጉጧን አልመለሱለትም፤ አልጠየቀምም። ቅዳሜ መኪናው መጥቶ ከዚያ ቀበሌ ባዶውን ሄደ። ሽሮ ሜዳ ውስጥ ግን ጌጡ ለብዙ ጊዜ የቀልድ ማጣፈጫ ሆኖ ነበር፤ ጥበቃ ሲያልፍ ባዩ ቁጥር ሸማኔዎቹ «ጧፍህን ይዘሃል?» ይላሉ። እሱም እየሳቀ ይሸምናል።

ጋሽ ቶለሳ ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራቸውን እኩለ ቀን ላይ አቁመው ጥበቃዎቹን ማስተማር ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። የስፌት መኪና ዘይት ከራሳቸው ብልቃጥ እያንጠባጠቡ ለእያንዳንዱ በጨርቅ ይሰጡታል፤ ምን ያህል በዛ፣ ምን ያህል አነሰ እንደሚባል ጣቱን አስነክተው ያሳዩታል። የማያውቁትን ነገር ለመጠየቅ የሚያፍሩትን ቀድመው ይጠይቋቸዋል፤ አንተ ቤት ብረት በምን ይወለወላል፣ አንተስ? አንዱ በቅቤ፣ አንዱ በተልባ፣ አንዱ በኑግ ይላል። የአንዱም መልስ አያስቃቸውም። ለስፌት መኪና ባለቤቶችም አንድ ጥያቄ ጨምረዋል፤ ብልሽቱ የሚነሣው በስንት ሰዓት ነው ይላሉ። ደሳለች በዚያ ዓመት የገና በዓል ሰሞን ጋቢ ይዛ መጣች። ዛሬም ጧት ጧት ያን ጋቢ ለብሰው ነው ጫማቸውን የሚዳስሱት።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ልጅ ሳለች ሰዓት ይዛ ወደ ሱቃቸው ትላክ የነበረች የሠፈር ልጅ ታሪካቸውን ልትጽፍ ፈለገች። ጋሽ ቶለሳ መጀመሪያ ሳቁባት፤ ከዚያ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ አጫወቷት። የተቻኮሉበትን የማክሰኞውን ፊርማ እንዳትረሳ ሁለት ጊዜ አሳሰቧት። የመስከረሙን ትምህርት፣ የጴንጤውን ቀልድ፣ በድንጋይ ካባው ሽጉጧ እንድትነክስ መመኘታቸውን፣ ሁሉንም ጻፊ አሏት። ጽፋ ስትጨርስ አነበበችላቸው። ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እሷ አዙረው፣ ባዶውን ብርጭቆ በትንሿ ጣታቸው እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው አዳመጡ። መጨረሻው ላይ አንዲት ቃል ስትደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ሁሉም ይሁን፤ እሷን ብቻ አውጪልኝ» አሉ። «‹አዳነው› አትበዪ። የማክሰኞዋን ወረቀት የፈረምሁ እኔ ነኝ።»